ካንሰር ካልሆነ ለምን ይቆረጣል?

መምህርቷ ይህን ጥያቄ ያነሱት የናሙናው ውጤት በተነገራቸው ዕለት ነው። ዕድሜያቸው 41 ሲሆን በአንዲት የወረዳ ከተማ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ፊደል ያስተምራሉ። በላንቃቸው ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ አጥንት ያለው ጠንካራ ላንቃ አልቆ ለስላሳው በሚጀምርበት ድንበር፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ድቡልቡል እብጠት አለ። «ካንሰር አይደለም» ሲባሉ ፊታቸው ፈካ አለ። ወጣቱ ሐኪም ወዲያው ስለ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ መናገር ሲጀምር ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ «ዶክተር፣ ካንሰር ካልሆነ ለምን ይቆረጣል? ስድስት ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ አላመመኝም» አሉ።

ሐኪሙ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና የሦስተኛ ዓመት የስፔሻሊቲ ተማሪ ነው። መልሱን የሚያውቅ መስሎት መናገር ጀመረ፤ ያገኘው ግን «መውጣቱ ይሻላል» የሚል ባዶ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። መልሱ ለአንደኛ ክፍል ተማሪ እንኳ የማይበቃ መሆኑን ከመምህርቷ ዝምታ ተረዳ። የስምምነት ቅጹን አልፈረሙም። በሳምንቱ እንደሚመለሱ ተናግረው ወጡ።

የችግሩ አንዱ ክፍል ከቋንቋው ይጀምራል። በአማርኛ ዕጢ የሚለው ቃል ምራቅ የሚያመነጨውን ጤናማ የሰውነት ክፍልም፣ ከእርሱ የሚነሣውን እንግዳ እድገትም ይጠራል፤ «የምራቅ ዕጢዎ ላይ ዕጢ ወጥቷል» የተባለ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። በዚህ ጽሑፍ ዕጢ የሚባለው ጤናማው ብቻ ነው፤ ሌላው እብጠት ይባላል። «አደገኛ ያልሆነ» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ለሁለት ይሰማል። ሐኪሙ ይህን ሲል እብጠቱ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ዘሩን አይልክም ማለቱ ነው። ሰሚው ግን ጉዳት የለውም፣ ይቀመጥ ብሎ ይተረጉመዋል። በሁለቱ ትርጓሜዎች መካከል ብዙ ሰዎች ዓመታት አሳልፈዋል።

ሰው ሦስት ጥንድ ዋና ዋና የምራቅ ዕጢዎች አሉት፤ ከጆሮ ሥር ፊት ለፊት ያለው ፓሮቲድ፣ ከታችኛው መንጋጋ ሥር ያለውና ከምላስ ሥር ያለው። ከእነዚህ ሌላ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ፣ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆኑ ጥቃቅን ዕጢዎች በከንፈር፣ በጉንጭ፣ በምላስና በላንቃ ሽፋን ሥር ተበትነው ይገኛሉ። ድድና የጠንካራው ላንቃ የፊት ክፍል በአብዛኛው የላቸውም፤ ስለዚህ እብጠቱ የወጣበት ቦታ ራሱ ምስክርነት ይሰጣል። ከጥቃቅኖቹ ዕጢዎች የሚነሣ እብጠት ከሁሉ በላይ የሚዘወትረው በላንቃ ላይ ነው፤ ያውም በኋለኛው ክፍል፣ ከመሐል መስመር ወደ አንዱ ጎን ብሎ። ከከንፈርም የላይኛውን ከታችኛው ይበልጥ ያጠቃል። በታችኛው ከንፈር ላይ የሚታየው ለስላሳ ጉብታ ብዙውን ጊዜ ከተጎዳ ቱቦ ያፈሰሰ ምራቅ ነው።

በዚህ የሕክምና ዘርፍ ተማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚማረው አንድ ደንብ አለ፤ ዕጢው ባነሰ ቁጥር እብጠቱ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። በፓሮቲድ ላይ ከሚወጡት አምስት እብጠቶች አራቱ ያህል ካንሰር አይደሉም። በጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ላይ ግን፣ ቁጥሩ እንደየአገሩና እንደየጥናቱ ቢለያይም፣ ግማሽ ያህሉ ካንሰር ሆነው ይገኛሉ። በላንቃ ላይ የወጣ ዝምተኛ እብጠት በዝምታው ብቻ ሊታመን የማይችለው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ካንሰርም እንዲሁ በዝግታ ያድጋል፣ ዓመታትም ሳያም ይቆያል።

የመምህርቷ ስድስት ዓመታት ግን በዝምታ ብቻ አላለፉም። በመጀመሪያ ጎረቤት «እንጥል ወርዶ ነው» አለ፤ እንጥል የምትቆርጥ ሴትም ተጠቆመችላቸው። ይህ ልማድ ደም በማፍሰስና ቁስልን በማመርቀዝ የሚያደርሰው ጉዳት በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ስለሚያውቁት እምቢ አሉ። ቀጥሎ የሄዱበት ጤና ተቋም የጥርስ መግል ነው ብሎ አሞክሲሲሊን ሰጣቸው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ መድኃኒት ደገመላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ከእብጠቱ አጠገብ ያለ መንጋጋ ጥርሳቸው ተነቀለ። ጥርሱ ጤነኛ ነበር። «ከተነቀለ በኋላ አይቼዋለሁ፤ ነጭ ነው፣ አንድ ጥቁር ነጥብ የለበትም» ይላሉ፤ ይህን ሲናገሩ ከእብጠቱ ይልቅ የጥርሱ ነገር ያሳዝናቸዋል።

ይህ ስሕተት በቀላል ምርመራ የሚቀር ነበር። በላንቃ ላይ መግል የሚቋጥረው የሞተ ጥርስ ነው፤ በተለይም ከክራንቻው አጠገብ ያለው የላይኛው የፊት ጥርስ ወይም የመንጋጋው ጥርስ የላንቃ በኩል ሥር። ስለዚህ በበረዶ የነካኩት ጥርስ ቅዝቃዜ ከተሰማው ሕያው ነውና ሊከሰስ አይገባውም። መግል በቀናት ያብጣል፣ ያማል፣ ይፈነዳል፤ በስድስት ዓመት ቀስ ብሎ አያድግም። በላንቃ መሐል መስመር ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጉብታ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው አብሮት የሚኖረው የአጥንት እድገት ነው፤ ሕክምናም አይሻም።

ወጣቱ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ያደረገው ይህንኑ ነበር። ጥርሶቹን በቅዝቃዜ ፈተነ፤ ሁሉም መለሱ። እብጠቱን በጣቱ ጫና ሰጥቶ ዳሰሰ፤ ጠንከር ያለ፣ ግን አጥንት ያልሆነ፣ ሽፋኑ ያልቆሰለ ነው። ላንቃው ደንዝዞ እንደሆነ በጥጥ ጫፍ መረመረ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም ከባድ ነው፤ አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የተባለው ካንሰር ነርቭን ተከትሎ መጓዝ ልማዱ ስለሆነ፣ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ የእርሱ ጥላ ይታሰባል። ሰማያዊ መልክና የልስላሴ ስሜት ቢኖር ደግሞ ሙኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ ይጠረጠራል፤ ይህኛው ምራቅ የቋጠረ ተራ ጉብታ መስሎ ብዙ ሰው አታልሏል። በመምህርቷ ላይ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም አልተገኘም። ሲቲ ስካኑ ከእብጠቱ በላይ ያለው አጥንት እንደ ስኒ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ መጎድጎዱን አሳየ፤ ይህም ለዓመታት የገፋ እንጂ የበላ እብጠት ምልክት ነው። ያም ሆኖ ዓይንና ጣት በዚህ ቦታ የመጨረሻውን ቃል አይናገሩምና ናሙና መውሰድ ግድ ነበር።

ስለ ናሙና አወሳሰድ አንድ ነገር ሊባል ይገባል። በፓሮቲድ ላይ ያለን እብጠት ከፍቶ ናሙና መቁረጥ አይመከርም፤ ሕዋሳቱን በጤናማው ሥጋ ላይ ይዘራል፣ የፊት ነርቭንም ለአደጋ ያጋልጣል፤ በቀጭን መርፌ መሳብ ይመረጣል። በላንቃ ላይ ግን ሽፋኑ ራሱ ኋላ ከእብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚወጣ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ከእብጠቱ መሐል ትንሽ ቁራጭ መውሰድ ተገቢ ነው። መሐሉ የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ከዳር የተወሰደ ቁራጭ ጤናማውን አካባቢ ይበክላል፤ የቀዶ ሕክምናውንም ድንበር ያጠፋል።

ሐኪሙ ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ሆኖ በአንድ ሩቅ ሆስፒታል ሲሠራ፣ አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ገበሬ ተመሳሳይ እብጠት ይዞ መጥቶ ነበር። ሐኪሙ መግል ነው ብሎ በካርዱ ላይ ጻፈና በስለት ከፈተው። መግል አልወጣም። በምትኩ ነጣ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልም አጥንት የሚመስል ነገር ብቅ አለ። በመሣሪያው ጀርባ ዙሪያውን ሲፈለቅቀው እንደ ባቄላ እሸት ከልጣጩ ተፈልፍሎ ወጣ፤ ደሙም ጥቂት ነበር። ሐኪሙ በእጁ ቅልጥፍና ረካ። በዚያ ሆስፒታል ፎርማሊን አልነበረም፤ ናሙና ለመላክም የአንድ ቀን መንገድ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ቁራጩ ከጎዙና ከጥጡ ጋር ተቃጠለ። ወጣቱ አመስግኖ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሄደ፤ ዳግመኛም አልመጣም። አለመምጣቱ ያን ጊዜ የመዳን ማረጋገጫ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር።

የመምህርቷ ናሙና ውጤት ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ የሚል ነበር። በምራቅ ዕጢዎች ላይ፣ በትላልቆቹም በጥቃቅኖቹም፣ ከሁሉ በብዛት የሚገኘው እብጠት ይህ ነው፤ በቀድሞው ስሙ ቅይጥ እብጠት ይባላል። ስሙ የተሰጠው በማይክሮስኮፕ ሥር ከሚታየው መልክ ነው፤ አንዱ ጥግ ቱቦ የሠሩ ሕዋሳት፣ ሌላው ጥግ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ አልፎ አልፎም እውነተኛ ልም አጥንት የሚመስል ሥጋ ይታይበታል። ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተነሡ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ በስምንተኛው ክሮሞሶም የሚገኘው ፕላግ-1 የተባለ ጂን ቦታውን ለቅቆ መገኘቱም ታውቋል። የፓቶሎጂ ባለሙያዋ ግን ከስሙ በታች አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምራ ነበር፤ ትንሽ ቁራጭ የእብጠቱን ዳር ስለማያሳይ የመጨረሻው ፍርድ ሙሉው ሲወጣ ይሰጣል። በላንቃ ላይ ከሚወጡት በዝግታ የሚያድጉ ካንሰሮች አንዳንዶቹ በቁራጭ ሲታዩ ይህንኑ ሊመስሉ ይችላሉና ማስጠንቀቂያው የወግ አልነበረም።

የመምህርቷ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ዳር ላይ ነው። ይህ እብጠት ለዓይን የተከለለ ይምሰል እንጂ ሽፋኑ ሙሉ አይደለም። በአንድ ቦታ ይሳሳል፣ በሌላው ጨርሶ ይጠፋል፤ በጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ላይ ደግሞ ይበልጡን ያልተሟላ ነው። ከሽፋኑ አልፈው የወጡ ጣት መሰል ቅጥያዎችም አሉት። እንደ ባቄላ የተፈለፈለ እንደሆነ ዋናው ወጥቶ ጣቶቹ በቁስሉ ውስጥ ይቀራሉ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ብዙ ሆኖ፣ እንደ ጥራጥሬ ተበትኖ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ይሆናል። ይህ በመገመት የተነገረ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን የፓሮቲድ እብጠት በመፈልፈል ይወጣ በነበረበት ጊዜ ከታከሙት መካከል ከ20 እስከ 45 በመቶ የሚደርሱት እንደተመለሰባቸው ተመዝግቧል፤ ከጤናማ ሥጋ ጋር አብሮ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ቁጥሩ ወደ ጥቂት በመቶ ወርዷል። እብጠቱም ሕክምናውን የሚያከናውነው እጅም ያው ሆኖ የተለወጠው የቁርጡ መስመር ብቻ ነው።

መተዉስ? ሳይነካ የተተወ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በመማሪያ መጻሕፍት ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 1.5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከ15 ዓመት በላይ ለቆየው ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። በዝግታ ያድግ የነበረው በድንገት ቢፈጥን፣ ቢያም ወይም ቢቆስል ለውጡ እንደጀመረ ይጠረጠራል። መምህርቷ ስድስተኛው ዓመት ላይ ናቸው።

በሳምንቱ በተመለሱ ጊዜ ሐኪሙ ይህን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳቸው። ክቡን ሣለ፣ ከክቡ የወጡ ጣቶችን ጨመረ፣ ከጣቶቹ ውጭ የሚያልፈውን የቁርጥ መስመር አሰመረ። ያልሣለውን ወጣት ገበሬም ነገራቸው፤ ስሙን ሳይጠራ፣ የተሳሳተው ራሱ መሆኑን ሳይደብቅ። መምህርቷ ረዘም ላለ ጊዜ ሥዕሉን አዩና ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። «እሺ፤ ድምፄስ?»

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ነበር። ለስላሳው ላንቃ ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫን በር ካልዘጋ አየር በአፍንጫ ያመልጣል፤ በ እንደ መ፣ ደ እንደ ነ ይሰማል። ለአብዛኛው ሰው ይህ የሚያሳፍር እንከን ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ለሆናቸው ሕፃናት በ እና መን ለይቶ ለሚያስተምር ሰው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የእብጠቱ የኋላ ጠርዝ ለስላሳውን ላንቃ ይነካል። መስመሩ ወደ ኋላ በሰፋ ቁጥር እብጠቱ የመመለሱ ዕድል ይቀንሳል፤ ድምፁ የመበላሸቱ ዕድል ግን ይጨምራል። ሐኪሙ ዋስትና መስጠት እንደማይችል ነገራቸው። ከፊትና ከጎን በሰፊው፣ ከኋላ ግን የአፍንጫ በኩል ያለውን ሽፋንና ጡንቻውን በተቻለ መጠን አድኖ እንደሚሠራ አስረዳቸው። መምህርቷ ፈረሙ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የላይኛው መንጋጋቸው ልክ ተወስዶ ላንቃቸውን የሚሸፍን የአክሪሊክ ሰሌዳ ተሠራ። በሙሉ ማደንዘዣ፣ አስተማሪው ሐኪም ቆሞ እያየ፣ ወጣቱ ከእብጠቱ ዳር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ እስከ አጥንት ቆረጠ። አጥንቱን የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ከእብጠቱ ጋር አብሮ አነሣው፤ ከእብጠቱ በላይ ያለው አስተማማኝ ድንበር እርሱ ነውና። አጥንቱ ስላልተበላ አልተነካም። ላንቃን የሚመግበው ደም ቅዳ እንደተጠበቀው ፈሰሰ፤ ታሰረ። በኋላ በኩል እጁ ዘገየ፤ የጡንቻው ክሮች አንድ በአንድ እየተለዩ እብጠቱ ሳይቀደድ ለቀቀ። ቁስሉ አልተሰፋም። የላንቃ ሥጋ ተጎትቶ የሚገጥም ስላልሆነ መድኃኒት የተነከረ ጎዝ ተሞልቶበት በሰሌዳው ተሸፈነ፤ ከሥሩ ራሱ እየሞላ እስኪድን ይጠበቃል። ለዚህ ስድስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል።

ሙሉው ናሙና በፎርማሊን፣ ዳሮቹ በክር ምልክት ተደርጎባቸው ተላከ። ውጤቱ ያው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ሆኖ፣ በሁሉም አቅጣጫ በጤናማ ሥጋ ተከቦ መውጣቱ ተረጋገጠ። ሐኪሙ ስላይዱን ራሱ ሊያይ ሄደ። የፓቶሎጂ ባለሙያዋ በማይክሮስኮፑ ውስጥ አንዱን ዳር አሳየችው፤ ሽፋኑ ተቋርጦ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጣት ወደ ውጭ ዘልቆ ይታያል። ከተፈለፈለ የሚቀረው እርሱ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ቆየበት።

መምህርቷ በስድስተኛው ሳምንት ሲመጡ ቁስሉ ሐምራዊ ቀጭን ሽፋን ለብሷል። ሐኪሙ ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫቸው ሥር ይዞ «በ፣ በ፣ በ» እንዲሉ ጠየቃቸው። አየር በአፍንጫ ካመለጠ መስታወቱ ይደበዝዛል። እርሳቸው ግን ሥራቸው ነውና ከበ ጀምረው እስከ ቦ ሰባቱንም ዘለቁት። መስታወቱ ጥርት እንዳለ ቀረ። «ከሰዓት በኋላ ሲደክመኝ ትንሽ ይጎፈንነኛል» አሉ። «ልጆቹ ግን አላወቁም።» በየዓመቱ እንዲመጡ ተቀጠሩ፤ ይህ እብጠት ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ አጭር አይደለም።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ቀድሞ ይሠራበት ወደነበረው ሆስፒታል ደወለ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሁለት ቀን ፈልጎ የወጣቱን ገበሬ ካርድ አገኘው። በምርመራው ረድፍ ላይ በሐኪሙ የእጅ ጽሕፈት «የጥርስ መግል፣ ተከፍቷል» ይላል፤ ከመክፈቱ በፊት የጻፈውን ከከፈተ በኋላ አላረመውም ነበር። የስልክ ቁጥር ቦታው ባዶ ነው። ቀበሌው ግን ተጽፏል። ሐኪሙ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁጥር አፈላልጎ ስለ ወጣቱ ነገራት፤ አግኝታ አፉን እንድታይለትና በላንቃው ላይ ከአንድ በላይ ጉብታ ቢኖር ወዲያው እንድትልከው፣ ባይኖርም እንድትልከው ለመናት። እርሷም የገበያ ቀን እጠይቃለሁ አለችው።